የላዳዬ ማርሽ

ከአባቴ የወረስኋት ላዳ 2101 በታክሲነት አገልግላ እኔንና ወንድሞቼን ያስተማረች መኪና ናት። ስለዚህ «ሽጣት» ቢሉኝም እንቢ አልሁ።

ካምቢዮዋ ባለ 4 ማርሽ፣ ዲፈረንሻሏም 4.3 ነበር። በ4ኛው ማርሽ ጎማዋ አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሯ 4.3 ጊዜ ይዞራል። ጎማዋ በአንድ ዙር 1.8 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በአዳማ የፍጥነት መንገድ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ስነዳት ሞተሯ በደቂቃ 3600 ጊዜ ገደማ እየዞረ ይጮኽ ነበር።

ጩኸቱን ላበርድ ብዬ የላዳ 2106ን ባለ 3.9 ዲፈረንሻል አስገባሁ። ዙሩ ወደ 3250 ወረደ፤ እኔም ደስ አለኝ። ነገር ግን ሰውና ዕቃ ጭና ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ ዳገቱ አቃታት። ለካስ ዲፈረንሻል ሲለወጥ የማርሾቹ ሁሉ ጉልበት አብሮ ይቀንሳል!

ኋላ የቀድሞውን ዲፈረንሻል መልሼ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ አስገጠምሁ። 5ኛው ማርሽ 0.82 ነው፤ በ4.3 ሲባዛ 3.5 ገደማ ይሆናል። ዛሬ በሜዳው በ2900 ዙር ገደማ ረጋ ብላ ትጓዛለች፤ በዳገቱ ደግሞ ወደ 4ኛው ስመልሳት የጥንት ጉልበቷን ታገኛለች።

እናንተም አንዱን ከመለወጣችሁ በፊት ከእርሱ ጋር የተያያዘውን ሁሉ አስሉ።