ካርቶኑ ላይ የወደቀችው ጠብታ

ባለፈው ሰኔ፣ አንድ ቀን ጠዋት ፒክአፓችንን ከግቢ ሳወጣ መሬቱ ላይ የሳንቲም ያህል የምትሆን የዘይት ጠብታ አየሁ። በማግስቱም እዚያው ቦታ ነበረች። ከሞተሩ ቢሆን ከፊት በኩል ነበር የሚያንጠባጥበው፤ ይቺ ግን ከጋቢናው ሥር፣ ከካምቢዮው ኋላ ካለው ትራንስፈር ነው። በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት። ዲን ዲን የሚል ወፍራም ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት ነው።

ትራንስፈር የካምቢዮውን ኃይል ተቀብሎ ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍል ሣጥን ነው። ጭቃ ሲይዘን የምናስገባት ፎር ዊል የምትሠራው እዚያ ውስጥ ነው። ዘንጉ ከሣጥኑ ወጥቶ ይሽከረከራል፤ ዘይቱ ግን ተከትሎት መውጣት የለበትም። ያንን የሚይዘው ፓራኦሊዮ ነው። ስሙን ከጣሊያኖች ወሰድነው፤ ዘይት ከልካይ እንደማለት ነው። የብረት ቀለበት፣ የጎማ ከንፈር፣ ከንፈሩን ከጀርባ የምታቅፍ ቀጭን ሞላ፤ በቃ ይኸው ነው። መዳፍ ውስጥ ይገባል።

አንድ ጋራዥ ወስጄ አስቀየርኩት። ሁለት ወር ሳይሞላ ጠብታዋ ተመለሰች። ይቺ መኪና የቤታችን እንጀራ ናት፤ ከመንዝ ድንችና ገብስ ጭና ደብረ ብርሃን ታወርዳለች። ክረምት ላይ መንገድ መሀል ብትቆም ድንቹ ይበሰብሳል፣ ሰውም በብርድ ያድራል። እና እንቅልፍ አጣሁ።

በሰው ምክር አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ቁልፍ አላነሱም። ትራንስፈሩን በናፍጣና በብሩሽ አጥበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ «ሂድ፣ አንድ ሰዓት ያህል ነድተህ ተመለስ» አሉኝ። ስመለስ ካርቶን አንጥፈው በጀርባቸው ተኙና በባትሪ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ፓራኦሊዮ ዝም ብሎ አይሞትም። የገደለውን እንፈልግ።»

የመጀመሪያውን ያገኙት ከትራንስፈሩ ራስ ላይ ነው። እዚያ መተንፈሻ አለ። ሣጥኑ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፤ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በፓራኦሊዮው ከንፈር በኩል ይገፋዋል። የእኛ መተንፈሻ በደረቀ ጭቃ ተደፍኖ ነበር። ሌላም አስረዱኝ፤ የጋለ ትራንስፈር ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ አየሩም ይኮማተራል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ ወይም ውሃው ከደረሰበት ሣጥኑ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ዘይቱ ወተት የመሰለ መልክ ካመጣ ይኸው ደርሶበታል ማለት ነው። ይህን ያህል ዓመት ወንዝ ስሻገር ስለዚህች ትንሽ ቀዳዳ አንድም ሰው ነግሮኝ አያውቅም። ዛሬ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ከዚያ ሁለተኛውን ፍለጋ ገቡ። ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደው ሻፍት ወደ ቦታው ሲመለስ ሚዛኑ እንዳይዛባ በኖራ ምልክት አደረጉበትና አራቱን ቡሎን ፈትተው አወረዱት። ከዚያ ዳዶውን ፈትተው ሻፍቱ የሚታሰርበትን ፍላንጅ አወጡ። ወደ ብርሃኑ አዙረው ጥፍራቸውን አሳለፉበት፤ «እስቲ አንተም ንካው» አሉኝ። የድሮው ከንፈር ለዓመታት የታሸበት ቦታ ላይ ክብ ጭረት ይዟል። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ደግሞ ዘይት ያሳልፋል። አዲስ ፓራኦሊዮ እዚያው ጭረት ላይ ማሳረፍ፣ የፊተኛው ጋራዥ ያደረገው፣ ገንዘብ መጣል ነው።

አዲስ ፍላንጅ ለመግዛት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ መሄድ ነበረብኝ። ጋሼ ግን ለጊዜው ሌላ መላ አላቸው። ኩሽኔታውን በእጃቸው ወዘወዙት፤ ደህና ነው። ከዚያ አዲሱን ፓራኦሊዮ ከቀድሞው ቦታ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ አድርገው አስገቡት፤ ከንፈሩ ያልተነካ ብረት ላይ እንዲያርፍ። ሲያስገቡት ማየት ነበረባችሁ። በመዶሻ በቀጥታ አልመቱትም። ልኩን የሚመጥን የቧንቧ ቁራጭ ደግፈው፣ ዙሪያውን በእኩል፣ ቀስ እያሉ። ሞላዋ ስትመታ እንዳትዘል ከጀርባዋ ግሪስ ሞሉባት፤ ከንፈሩንም ደረቁን እንዳይቃጠል ዘይት ቀቡት። በካቻቪቴ ጫፍ የፓራኦሊዮውን መቀመጫ የሚጭር መካኒክ ስንት ነው! በዚያ ጭረት ደግሞ ዘይቱ ሌላ መውጫ ያገኛል።

ዘይት ልትቀይሩ ከሆነ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ የመሙያውን ቡሎን ሳትፈቱ የማፍሰሻውን አትንኩ። መሙያው ዝጎ እምቢ ካለ ዘይት የሌለው መኪና ይዛችሁ ትቀራላችሁ። እኛ መመሪያው የሚለውን 75ደብሊው-90 ከመሙያው ቀዳዳ አፍ ጋር እስኪስተካከል ሞላን። ጋሼ ከዚያ አልፎ መጨመሩን አይወዱትም፤ ትርፉ ዘይት ራሱ መውጫ ይፈልጋል ይላሉ።

መተንፈሻው ላይ ረጅም ጎማ ቀጥለን ጫፉን ሞተር ክፍሉ ውስጥ ከፍ አድርገን አሰርነው። ካርቶኑን አሁንም ማታ ማታ ከሥሯ አነጥፋለሁ፤ እስካሁን ደረቅ ነው። ጋሼ ግን ሲሰናበቱኝ በፊት ጎማዎች በኩል ያለው ፓራኦሊዮም ላብ ላብ ማለት ጀምሯል ብለውኛል፤ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከመስቀል በኋላ አምጣት አሉ። ፓራኦሊዮውን ገዝቼ ጋቢና ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ፍላንጁንም በእጄ እየዳሰስኩ ከሶማሌ ተራ አመጣለሁ።