ከማን ሰማኸው?

ይፋግ ውስጥ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ «እውነት ነው?» ተብሎ አይጠየቅም ነበር። «ከማን ሰማኸው?» ነው የሚባለው። የገበያ አገር ልማድ ይመስለኛል። ዛሬ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን የሚበር መኪና ዞር ብሎ ሳያያት የሚያልፋት ከተማችን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሞሌ ጨው የሚራገፍባት፣ የሩቅ ነጋዴ የሚሰፍርባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ጎጃም ውስጥ ጨው ተወደደ የሚል ወሬ ሰምቶ፣ ወሬው ከማን አፍ እንደወጣ ሳያጣራ ጭነቱን ያነሳ ነጋዴ በባዶ ስልቻ ይመለሳል። ስለዚህ አያቶቻችን ነገርን ከነባለቤቱ ይቀበሉ ነበር። «እገሌ ነገረኝ፤ እሱም ከእገሌ ሰማሁ አለኝ፤ በዓይኑ ግን አላየም።» ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሙሉ ሴሚስተር የሚያስተምረው ነገር እዚህች ውስጥ አለ።

የቄስ ትምህርት ቤቱም እንዲሁ ነበር። እኔ ከዳዊት አላለፍሁም፤ የኔታ ለትልልቆቹ መጽሐፍ ሲተረጉሙ ግን ዳር ተቀምጬ አዳምጥ ነበር። ነገሩን ይናገሩና ምስክሩን ይጠራሉ፤ «እንዲል» ብለው ያሳርፉታል። ዳዊት እንዲል፣ ጳውሎስ እንዲል። ሌላ መምህር በሌላ መንገድ የፈታው እንደሆነ ደግሞ «አንድም» ብለው ያንንም ያስከትላሉ፤ የራሳቸውን ብቻ ተናግረው የሌላውን አይውጡትም። ቅኔ ተማሪ የሰው ቅኔ ሰርቆ ከተያዘ ወሬው ከእሱ ቀድሞ የሚቀጥለው ጉባኤ ቤት ይደርሳል። ፍትሐ ነገሥቱ ራሱ፣ ግብጻዊው ሊቅ ኢብን አል ዐሳል በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሲያጠናቅረው፣ ድንጋጌዎቹ ከየት እንደተወሰዱ በአጭር ምልክት እያመለከተ ነው። የአሜሪካው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር፣ አይ ትሪፕል ኢ የሚሉት፣ ምንጫችሁን በማዕዘን ቅንፍ በቁጥር አመልክቱ ብሎ ለዓለም መሐንዲስ ሥርዓት ከማውጣቱ 700 ዓመት ገደማ በፊት ማለት ነው።

አጎቴ ጋሼ ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ጋሼ የርብ ወንዝ ውሃ ለኪ ነበር። ከይፋግ ወደ ወረታ ስትወርዱ ርብን የምትሻገሩበት ድልድይ አጠገብ፣ በሴንቲሜትር የተከፋፈለ ብረት ውሃው ውስጥ ቆሟል፤ እኛ «ሜትሩ» እንለዋለን። ጋሼ ጠዋት 12 ሰዓት አንዴ፣ ማታ 12 ሰዓት አንዴ ወርዶ ውሃው የቱ ጋ እንደደረሰ ያነባል፤ ለመንግሥት በተሰጠው ቅጽ ላይ ይጽፋል፤ በወር መጨረሻ ቅጹን ይልካል። ከዚያ ለራሱ በደብተር ይገለብጠዋል። ለምን ትገለብጣለህ ስለው «ነገ ማን ነገረህ ቢሉኝስ?» አለኝ። ክፍያው የአንድ በግ ዋጋ አይሞላም ነበር። አንድ ቀን አተኩሶት ተኝቶ እኔን ላከኝ። አንብቤ መጥቼ ነገርሁት። ደብተሩ ላይ ቁጥሩን ጻፈና ከጎኑ «የእኅቴ ልጅ እንዳየው» ብሎ ጨመረበት። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ በሕይወቴ መጀመሪያ የተጠቀስሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህም ብዙ አልተጠቀስሁም።

አድጌ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ገባሁ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተቋቋመው፣ በኋላ በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ነው። በእኛ ጊዜ መጽሐፍ ጥቂት፣ ተማሪ ብዙ ነበር፤ አንዱን መጽሐፍ ለሁለት ሰዓት ተውሰን እጃችን እስኪዝል እንገለብጣለን። ያልያዝነውን መጽሐፍ መጥቀስ አይታሰብም፤ መምህሩ መጽሐፉ ማን ዘንድ እንዳለ ያውቃላ! የግርጌ ማስታወሻችን በእጅ የተጻፈ፣ ነጠላ ሰረዙ የተዛባ፣ ርእሱ ግማሽ የተቆረጠ ነበር። በዛሬ መለኪያ ሁላችንም ወድቀን ነበር። ግን ያነበብነውን ነበር የምንጽፈው፣ ምክንያቱም ሌላ አልነበረንም። ይህን እንደ ጨዋነት እንዳትቆጥሩልን፤ ድህነት ነው።

ጨዋነቴ የተፈተነው ሥራ ከያዝሁ በኋላ ነው። ስሙን ባልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የወንዞችን መረጃ የሚያጠናቅር ክፍል ውስጥ ቴክኒሻን ሆንሁ። ነሐሴ 1980 ዓ.ም. ክረምቱ ያለ ልክ በረታ፤ በዚያው ሰሞን ካርቱም በጎርፍ ተጥለቅልቃለች። ርብም ከዳሩ ወጥቶ የፎገራን ሜዳ ሐይቅ አደረገው። የጋሼ ቅጽ ሲደርሰኝ ስድስት ቀን ቁጥር የለበትም፤ በቁጥሩ ፋንታ ቃል ተጽፎበታል።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ከሜትሩ የሚነበበው የውሃው ከፍታ ነው፤ መሐንዲስ የሚፈልገው ግን በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንዳለፈ ነው። አንዱን ወደ ሌላው የሚቀይረው ቀመር የሚሠራው ወንዙ በገዛ መሄጃው እስካለ ድረስ ነው። ከዳር ወጥቶ ሜዳ ለሜዳ ሲሄድ ብረቱ ላይ የሚነበበው ጥቂት ሲጨምር የሚያልፈው ውሃ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባዶውን መሙላት ያስፈልጋል፤ መሙላትም ነውር የለበትም፤ የታወቀ ዘዴ አለው። እኔ የመረጥሁት ግን የሰነፍ ዘዴ ነበር፤ ከጎርፉ በፊት የተነበበውንና ከጎርፉ በኋላ የተነበበውን በቀጥታ መስመር አገናኘኋቸው። ጎርፍ ደግሞ ጫፉ መሐል ላይ ነው። የዓመቱን ትልቁን ውሃ በማስመሪያ ጠፍጥፌ ጣልሁት ማለት ነው።

ይህም ሆኖ ከቁጥሮቹ ጎን ኮከብ አድርጌ ከታች «ግምት ነው» ብዬ ልጽፍ ነበር። ሪፖርቱ በስቴንስል ሲመታ ከገጹ ግርጌ የቀረችው አንዲት መስመር ብቻ ሆነች። በእሷ ላይ የአለቃችን ስምና የሥራ ደረጃ ተጻፈ። ኮከቦቹም ማብራሪያ ስለሌላቸው ከነጭራሹ ወጡ።

ረሳሁት። እውነቱን ለመናገር፣ ለመርሳት ብዙም አልታገልሁም።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ። የወንድሜ ልጅ በውሃ ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ ጥናቷን ይዛልኝ መጣች፤ በታችኛው ርብ ዳር የሚሠራ የጎርፍ መከላከያ ክትር ስንት ሜትር ይሁን የሚል ነው። ጊዜው መልካም ነው፤ ላይኛው ርብ ላይ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ግድብ ተሠርቷል፤ የታችኛውን ሜዳ የሚያጠና አይጠፋም። ሥራዋ ሲያዩት ያምራል። ቅንፉ ተስተካክሏል፤ ነጠላ ሰረዟ ሁሉ በቦታዋ ናት፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይደረድረዋል አለችኝ፤ ዞቴሮ ይሉታል። 94 ምንጮች! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ 94 መጻሕፍት ማንበቤን እጠራጠራለሁ።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «የጥቁር ዓባይን ምንጭ ጄምስ ብሩስ አገኘ» ይላል፤ ቅንፍ አንድ። ልጄ፣ አልኋት፣ ምንጩ ዳር የተወለደው ሰው አልጠፋበትም እንጂ! ይሁን፣ የፈረንጅ እንቁጠር ብንል እንኳ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ግሽ ዓባይ ደርሶ ጽፎታል፤ ብሩስ የደረሰው በ1770 ነው፤ ይህንንም እያወቀ ያ ሰው አልደረሰም ብሎ ተከራከረ። አብሮት የነበረውን ሠዓሊውን ባሉጋኒንማ፣ ከጉዞው በፊት ሞቷል ብሎ ከግሽ መንገድ ላይ ሰረዘው፤ ሰውዬው ጎንደር ላይ የሞተው ከጉዞው በኋላ ነው። የምንጭ ሌብነት ስንል የኛ አገር ምሳሌው ሁለት ትርጉም አለው።

ሳቀችና የራሷን ችግር አጫወተችኝ። በውጭ አገር መጽሔት አንድ ጽሑፍ አሳትማለች፤ የተጠቀሰችው ግን በአባቷ ስም ነው። መጽሔቱ የቤተሰብ ስም ይቅደም ስለሚል የእሷን ስም አሳጥሮ በአንድ ፊደል አስቀረው። ወንድሜ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ነው፤ የውሃ ምህንድስና ሊቅ ሆኖ በየአገሩ እየተጠቀሰ ነው። ሲነግሩት «ታዲያ ለእኔ ይከፍላሉ?» ብሎ ጠየቀ። የኢትዮጵያን ነገር የሚያውቁ አዘጋጆች እኮ እንዲህ አያደርጉም፤ በጀርመን አገር የታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ስማችንን ሳይገለብጥ የራስን ስም አስቀድሞ ይጽፋል። የእኛው ተማሪዎች ግን የእኛኑ ሰው ሲጠቅሱ ይገለብጡታል።

እኔ ግን አለቃ ገብረ ሐናን አሰብሁና አጫወትኋት። ከእኛ ሰፈር ብዙም የማይርቀው የፎገራው ናበጋ ጊዮርጊስ ተወላጅ ናቸው። ደንገሉ በጣና ማዕበል ከወዲያ ወዲህ ሲወዛወዝ አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት ፈጠሩ ይባላል። መጀመሪያ ሰሚ አጡ፤ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ልጁ አስፋፋው። ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ የሚዘመመው «ተክሌ» ተብሎ በልጁ ስም ነው። አባትዬው ያልተናገሩት ቀልድ ሁሉ ደግሞ በእሳቸው ስም ይነገራል። እዚያ ልጁ በአባቱ ሥራ ተጠራ፤ እዚህ አባቱ በልጁ። የወንድሜ ልጅ ይህንን ስትሰማ «ልጥቀሰው?» አለች። ከማን ሰማሁ ትያለሽ? አልኋት።

ከዚያ ወደ ዋናው ሠንጠረዥ ደረስን፤ የርብ የየዓመቱ ከፍተኛ ፍሰት። ክትሩን የምታሰላው በዚህ ነው። የ1980ውን ቁጥር አየሁና ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ያ ሁሉ ጎርፍ የት ሄደ? ከየት ነው? ቅንፍ 17 አለች። ቅንፍ 17ን አንብበሻል? ዝም አለች። አልፈረድሁባትም። ሲምኪንና ሮይቾውዱሪ የተባሉ የሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጽሑፍ ይህንኑ በዘዴ ለክተውታል። 4,300 ጊዜ ገደማ የተጠቀሰ አንድ የፊዚክስ ጽሑፍ መርጠው፣ በአጠቃቀሱ ላይ 196 ስህተት ቢያገኙ፣ የተለያየ ስህተት 45 ብቻ ነው። ቀሪው የአንዱ ስህተት ለሌላው የተገለበጠ ነው፤ እንደ ከብት ምልክት ከየትኛው በረት እንደወጣ ይታወቃል። ከዚህ ተነሥተው ከሚጠቅሱት ሰዎች ዋናውን የሚያነበው አንድ አምስተኛ ያህሉ ነው ብለው ገመቱ። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጥቶ ያልተጻፈ ጽሑፍ ከነገጹ ሠርቶ ይሰጣል፤ ቢያንስ ያ ጽሑፍ እንዳልተነበበ እርግጠኛ መሆን ይቻላል።

አብረን ተከተልነው። ቅንፍ 17 የመጽሔት ጽሑፍ ነው፤ ቁጥሩን ያገኘው ከአንድ የመመረቂያ ጥናት። ጥናቱ ከአማካሪ ድርጅት ሪፖርት። የአማካሪው ሪፖርት ደግሞ ከአንድ መሥሪያ ቤት «ሪፖርት ቁጥር 14» ይላል። የመሥሪያ ቤቱን ስም ሳነብ ጀርባዬን አላበኝ። ቁጥር 14ን እፈልገዋለሁ አለች። አታገኚውም፣ አልኋት፤ እኛ ያወጣነው ስድስት ብቻ ነው። «ቁጥር 4» ለማለት ነው፤ አንዱ ሰው ከፊቱ 1 ጨመረበት፣ ሌሎቹ ገለበጡ።

«እኛ? አጎቴ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ የጻፉት?»

ነገርኋት። ስለ ማስመሪያው፣ ስለ ኮከቡ፣ ስለዚያች አንዲት መስመር። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «ስለዚህ ክትሬ አጭር ነው» አለች ብቻ፤ ኮምፒዩተሯን ዘጋች።

በማግሥቱ ይፋግ ሄድን። ጋሼ ካረፈ ቆይቷል፤ ደብተሩን የጋሼ ሚስት ከዳዊቱ ጋር በሳጥን አስቀምጣዋለች። ልጅቱ ገጹን በስልኳ አነሣች። ሠንጠረዥዋን አረመች፤ የስድስቱን ቀን ባዶ ተወችው፤ ከሥሩ ጎርፉን በሜዳው ላይ ከቀረው ምልክት እንዴት እንደገመተች በግልጽ ጻፈች። ክትሩ ከፍ አለ። ከምንጮቿ 31ዱን ሰረዘች፤ አንድ ጨመረች፤ የጋሼ ስም፣ ሳይገለበጥ፣ ከነአባቱ፣ «ያልታተመ የመስክ ደብተር፣ ርብ ድልድይ፣ ነሐሴ 1980 ዓ.ም.»። አማካሪዋ ይህ በየትኛው ደንብ ነው ብለው ጠየቋት። ደብተሩን አወጣችላቸው።

ገጹ ላይ ያለው በእርሳስ የተጻፈ ነው፤ ስድስቱንም ቀን አንድ ነው፤ «ውሃው ሜዳውን ሞላ። ሜትሩ አልታየኝም። ያላየሁትን አልጻፍሁም።»