የዘገየው ድምፅ

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ የምተዳደረውም አቤቱታ በመጻፍ ነው። የሕግ ትምህርቴን ከጨረስሁ ወዲህ በአራዳ ምድብ ችሎት ጉዳይ ላለባቸው ሰዎች ክስና የመከላከያ መልስ አዘጋጃለሁ። የምጽፈው በኮምፒዩተር ሲሆን በማሳያው ላይ ያለውን ሁሉ በድምፅ የሚነግረኝ ኤን ቪ ዲ ኤ የተባለ ስክሪን ሪደር ነው። ይህን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2006 መሥራት የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ አውስትራሊያዊ ነው፤ እርሱም ሆነ በኋላ የተባበረው ጓደኛው ጄምስ ቴ ዓይነ ስውራን ናቸው። ፕሮግራሙ ያለ ክፍያ ይገኛል። አማርኛውን የሚያነብልኝ ኢስፒክ የተባለው ድምፅ እንደ ቆርቆሮ የሚንኳኳ ቢሆንም ጆሮዬ ለምዶታል።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንዲት አረጋዊት እናት ከቤታቸው እንዲለቁ ተከሰው ወደ እኔ መጡ። መልሳቸውን በማግሥቱ ጠዋት ማቅረብ ነበረባቸው፤ ቀኑ ካለፈ መልስ የመስጠት መብታቸው ይታለፋል። ጽሑፉን እንዳጋመስሁ ኮምፒዩተሩ ተለወጠብኝ። የታች ቀስቱን ስጫን ድምፁ የሚመልስልኝ ሦስት ያህል ከቆጠርሁ በኋላ ሆነ። የጻፍኋቸው ፊደላትም ዝም ብለው ይቆዩና በአንድ ጊዜ ይጎርፋሉ።

ዓይኑ የሚያይ ሰው እንዲህ ያለ መዘግየት ሲገጥመው በማሳያው ላይ የምትሽከረከር ክብ ምልክት «ጠብቅ» ትለዋለች። ለእኔ ግን ዝምታ ሁሉ አንድ ነው። ቁልፉን አልተጫንሁት ይሆን? ኮምፒዩተሩ ቆሞ ይሆን? ወይስ ያልፈለግሁትን አጥፍቼ ይሆን? ይህን ከድምፁ በቀር የሚነግረኝ የለም።

ኮምፒዩተሩን አንግቤ ከሠራተኛ ሰፈር ወደ ፒያሳ ወጣሁ። የማውቀው ጠጋኝ ቀድሞ ይሠራ የነበረው ዶሮ ማነቂያ አጠገብ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ሲፈርስ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ገባ። የድሮውን መንገድ በድምፅና በሽታ አውቀው ስለነበር አዲሱን እስክለምድ ብዙ ጊዜ ጠፍቻለሁ።

ወጣቱ ጥቂት ነካክቶ፣ «ጋሼ፣ ይህ እኮ ምንም አልሆነም፤ እንደ ውኃ ይሄዳል» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ካላመኑኝ ፎርማት ላድርግልዎት» አለ። ያ ማለት ጽሑፉም፣ ስክሪን ሪደሩም፣ ለዓመታት ያስተካከልሁት ሁሉ ይጠፋል ማለት ነው። ወዲያው አንድ ነገር ልብ አልሁ፤ የኮምፒዩተሩ ድምፅ አይሰማም። ለካ ልፍለፋው ስለረበሸው ገና ሲጀምር ስክሪን ሪደሩን ዘግቶታል!

«መልሰህ ክፈተውና አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ» አልሁትና ጃኬቴን አውልቄ ማሳያው ላይ ጣልሁበት። አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ ዝም። ደግሞ ተጫነ፤ ዝም። ደጋግሞ መታው። በመጨረሻ ድምፁ የተመታውን ሁሉ እያከታተለ ለቀቀው። «እንዴ!» አለ፤ ሳቁን ሰማሁ።

ስክሪን ሪደር ማሳያውን አያይም። እያንዳንዱን ፕሮግራም «ይህ ምንድን ነው? ቁልፍ ነው ወይስ ጽሑፍ? ምን ይላል?» እያለ ይጠይቅና የተነገረውን ለድምፅ ሠሪው ያቀብላል። በዚህ ቅብብል አንዱ ከዘገየ ድምፁም ይዘገያል። እንግዲህ የትኛው እንደ ዘገየ ለማወቅ አንድ በአንድ መለየት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ጽሑፌን በፍላሽ ገለበጥሁ። በብሉቱዝ የሚሠራውን ማዳመጫ በባለ ገመዱ ለወጥሁ፤ ለውጥ የለም። ኖትፓድ ከፍቼ ጻፍሁ፤ እዚያም ያው ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የጽሑፍ ማዘጋጃው ብቻ አይደለም። ወጣቱ ታስክ ማናጀርን አይቶ ፕሮሰሰሩም ሆነ ራሙ እንዳልተጨናነቀ ነገረኝ። ቀጥሎ ኢንሰርትንና ኪውን አብሬ ተጫንሁና አድ-ኦን የሚባሉት ተቀጥላዎች ሳይሠሩ ስክሪን ሪደሩ እንደገና እንዲነሣ አዘዝሁ። ቀስቱን ነካሁ። ድምፁ ከጣቴ እኩል ደረሰ!

ተቀጥላዎቹ 11 ነበሩ። እያንዳንዱን አብርቶ ስክሪን ሪደሩን እንደገና ማስነሣት አሰልቺ ነው፤ ሰባተኛው ላይ ስንደርስ ግን ዝምታው ተመለሰ። ከሳምንት በፊት አንድ የፈረንሳይኛ ሰነድ ለመረዳት ራሴ የጫንሁት ተርጓሚ ነበር። ማጥፋቱን ረስቼ፣ ድምፁ ሊናገር ያለውን ሁሉ በቅድሚያ ወደ ኢንተርኔት እየላከ መልስ ይጠብቃል። የዚያን ቀን ደግሞ ኢንተርኔቱ ደካማ ነበር። ከዝግታው ይልቅ ያስደነገጠኝ ሌላ ነው፤ የእኒያ እናት ምሥጢር ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደማላውቀው ቦታ ሲላክ ውሏል። ይህን በማግሥቱ አልደበቅኋቸውም።

ጠጋኙም ፈጽሞ አልተሳሳተም። «ሀርድ ዲስኩ አርጅቷል፤ ሲነሣ የሚያንቀራፍፈው እርሱ ነው» ብሎኝ ነበር፤ ከመስከረም በኋላ በኤስ ኤስ ዲ አስለወጥሁት። የዚያን ዕለት ግን ተቀጥላውን አጥፍቼ እዚያው ሱቁ ውስጥ መጻፍ ቀጠልሁ። እርሱም መዝጊያ ሰዓቱ ቢያልፍም አላስነሣኝም፤ ስጨርስ በራሱ ማተሚያ አትሞ ገጾቹን በተራ በተራ አስያዘኝ።