ያላነበብሽውን አትጥቀሺ

ደብረ ታቦር፣ መስከረም

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

ይህን ደብዳቤ ከበሶው ሥር የቀበርሁት አውቄ ነው፤ አዲስ አበባ ገብተሽ እስክትራቢ ድረስ እንዳታገኚው ብዬ። ፊት ለፊት ልንገርሽ ብል እናትሽ መሐል ትገባለች፣ እኔም እቆጣለሁ፣ ነገሩ ይበላሻል። እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ።

ልመክርሽ ያሰብሁት ብዙ ነበር፤ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ማታ መንገድ፣ ስለ ገንዘብ አያያዝ። ያ ጓደኛሽ ትቶት የሄደውን ጥራዝ ካነበብሁ ወዲህ ግን ሌላው ሁሉ ጠፋኝ። ለቡሄ መጥቶ ሙልሙሉን እየበላ «አባባ፣ ዛሬ እኮ የመመረቂያ ጽሑፉን ራሱ የሚጽፍ የለም፤ በብር የሚሠሩ ልጆች አሉ፤ እሷም ብትገላገል ምን አለ?» ሲል ቀልድ መስሎኝ ነበር። አንቺ ግን ዝም አልሽ። እንቅልፍ የነሳኝ ዝምታሽ ነው። ልጁን ክፉ ነው አልልም። እጁ ለጋስ፣ አፉ ጣፋጭ ነው፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ጥራዙ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚስዮናውያንን ስላሠሩበት ስለ ጋፋት ነው፤ አንቺም ልትጽፊበት ስላሰብሽው ስለ ጋፋት። ፊደሉ ያማረ፣ የግርጌ ማስታወሻው የበዛ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ማሠራታቸውን ይተርክና ምንጩን «አለቃ ዘነብ» ይላል። ልጄ፣ ሴባስቶፖል የተሠራው በ1859 ዓ.ም ገደማ ነው። አለቃ ዘነብ የጻፉት የቴዎድሮስ ታሪክ ግን 1852 ዓ.ም አካባቢ ላይ ያበቃል። መጽሐፉ ያልደረሰበትን መድፍ ከየትኛው ገጽ አገኘው? ጸሐፊው ዘነብን ገልጦ አላየም ማለት ነው። ከሌላ ወረቀት ገልብጧል፤ ያም ከሌላ ገልብጦ ይሆናል። በዘመኑ እዚያው የነበረው ዋልድማየር ነው፤ ንጉሡ ጋፋት ላይ ካሠሯቸው ሚስዮናውያን አንዱ። የሕይወት ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1886 ታትሟል። ከአገሬው የንጉሡን የመጨረሻ ዘመን የጻፈ ከፈለግሽ አለቃ ወልደ ማርያም አሉ፤ እሳቸው ደግሞ ለቴዎድሮስ እንደ ዘነብ አንጀታቸው የሚራራ አይደለም። ታዲያ ያ ጥራዝ በየገጹ «የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት» ሲል የትኛውን ማለቱ ነው? የወዳጅን ቃል ነው ወይስ የከሳሽን? ንጉሡ ከተማችንን አቃጥለው መድፋቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ መሄዳቸውን እየሰማ ያደገ የፋርጣ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም።

አንቺን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ በዓይንሽ ያየሽውን ገጽ ብቻ ጥቀሺ። ዘነብን በሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ካገኘሽው፣ «እገሌ እንደጠቀሰው» ብለሽ እውነቱን ጻፊ፤ አያሳፍርም። የሰው ቃል እንዳለ ከወሰድሽ በትእምርተ ጥቅስ ክበቢው። በራስሽ አነጋገር ብትለውጪውም ሐሳቡ የባለቤቱ ነውና ስሙን አታስቀሪ። ገጹን ደግሞ ያን ጊዜውኑ መዝግቢ፤ በኋላ እፈልገዋለሁ ያለ ሰው ሲያገኘው አላየሁም። ያ ኤአይ የምትሉት በስልክ የሚጠየቀው ነገር ያልተጻፈ መጽሐፍ ከነደራሲው፣ ከነዓመቱ ፈጥሮ ይሰጣል አሉ። መጽሐፉ በእጅሽ ካልገባ ስሙን ወረቀትሽ ላይ አታሳርፊ።

እግረ መንገዴን ልንገርሽ። የፈረንጁ ሥርዓት የአባትን ስም ያስቀድማል። የታሪክ ጸሐፊውን ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ» ብለው ይጽፏቸዋል፤ ዘውዴ ግን አባታቸው እንጂ የመጽሐፎቹ ደራሲ አይደሉም። በዚህ ከሄድሽማ አንቺ ደክመሽ የጻፍሽው በእኔ ስም ሊጠራ ነው፤ ደስ ይለኛል፣ ግን አይገባኝም። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጽሔት የእኛን ሰው በራሱ ስም ነው የሚጠራው። መምህርሽ የቱን እንደሚፈልጉ ጠይቂ። ዓመቱንም አትደባልቂ፤ የእኛን ዓ.ም፣ የእነሱን እ.ኤ.አ. በይ፤ አለዚያ መድፉ ከመቅደላ በኋላ ተሠርቶ ይገኛል።

አያትሽ ቢኖሩ ይህን ሁሉ ባልጻፍሁ ነበር፤ እሳቸው በአንድ ቀልድ ይጨርሱት ነበር። በእኛ አገር ቀልድ ሁሉ የአለቃ ገብረ ሐና ነው ይባላል። ያላሉትን ስንቱን ተሸክመዋል! ያወጡት የዝማሜ ስልት ግን በልጃቸው በተክሌ ስም ተጠራ፤ ተምሮ ያስፋፋው እሱ ነውና። አያትሽ ስለ ተክሌ ዝማሜ ሲያወሩ መጀመሪያ አባትየውን ሳይጠሩ አይጀምሩም ነበር። ቅኔም ሲያሰሙን «ይህ የየኔታ እገሌ ነው» ይሉና ከዚያ ነው። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የነጠቀ ተማሪ ቅኔ ቤት ውስጥ ምን እንደሚደርስበት ሲነግሩን በሣቅ እንባቸው ይፈስ ነበር። ድምፃቸው አሁንም በጆሮዬ አለ። የራሳቸው ቅኔዎች ግን አልተጻፉም። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ መምህር ለደቀ መዛሙርቱ ቅኔ ሲነግር ቆሜ ሰማሁ፤ አንዱ ቤት ልክ የአባቴ መሰለኝ። ነው ብዬ አልተናገርሁም፤ አይደለምም አላልሁም። የምጠይቀው ሰው አልቀረም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እና ልጄ፣ ብሩ አይደለም የሚቆጨኝ። ለእነዚያ ልጆች የሚከፈለው ገንዘብ በሬ ሸጠንም ቢሆን ይገኛል። አንቺ ግን ከሕፃንነትሽ ጀምሮ «ማን ነገረሽ?» ሲሉሽ የነገረሽን ሰው ስም ከነቤቱ የምትናገሪ ነበርሽ፤ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፣ ስንቱን አጣልተሻል! ይህን ጠባይሽን ማንም በብር እንዳይገዛብኝ። የደብረ ታቦሩ ኢየሱስ ይጠብቅሽ፤ ዓይነ ልቡናሽን ያብራልሽ፤ ከክፉ ጓደኛ ይሰውርሽ።

ለጥምቀት ስትመጪ የምትጠይቂያቸው፣ ስለ ጋፋት ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች አሉ፤ ቀድሜ አነጋግራቸዋለሁ። ከመቅዳትሽ በፊት ፈቃዳቸውን ጠይቂ፤ ስማቸውን ከነማዕረጋቸው፣ ዕድሜያቸውን፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፊ፤ የሰሙትን ከማን እንደሰሙም አትርሺ። አንደኛው ጆሯቸው ይከብዳል፣ ጠጋ ብለሽ ተቀመጪ። ባዶ እጅሽንም እንዳትመጪባቸው፤ ስኳርና ቡና ያዢ።

አባትሽ