እንዶድ፦ የሱለይ ማስታወሻዎች

ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄድ ሰው በሚሞላው የሕክምና ቅጽ ላይ፣ በሰገራና በሽንት ምርመራው ሥር፣ ቢልሃርዚያ የሚል መስመር አለ። እዚህ ሪያድ፣ ሱለይ ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ የከሚሴ ልጅ ያንን ምርመራ አልፋ ነው የመጣችው። ከወንዝ ውሃ ስትቀዳና ልብስ ስታጥብ ባደገችባቸው ዓመታት ግን ስለ ሆዷ ሕመም የጠየቃት አልነበረም። ጤናዋ የታየው ለቪዛ ነው።

*

የቢልሃርዚያ ኪኒን የሆነው ፕራዚኳንቴል በሽተኛውን ያድናል። ወንዙን ግን አያድንም። ከሰገራ ጋር ውሃ የገባ እንቁላል ተፈልፍሎ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ የሚወጣው እጭ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ሳንጃም፣ ጅጋም፣ ጣና ዳርም ኪኒን የዋጠ ልጅ ከሰዓት በኋላ ሊዋኝ የሚወርደው እዚያው ውሃ ውስጥ ነው።

*

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ አንድ ነገር አዩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ይንሳፈፋሉ፤ ከፍ ብሎ ያሉት በሕይወት አሉ። ከላይ ሕያዋኑን ለቅመው በዕቃ አኖሩና ከአጣቢዎቹ አንዷን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። እኔን የሚያስደንቀኝ ተመራማሪው እዚያ መቆማቸውና መጠየቃቸው ነው። በእንዶድ የሚያጥቡ ሴቶችን አይቶ ያለፈ የተማረ ሰው ስንት ነው?

*

እንዶድ አጥር ላይ የሚንጠላጠል ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ እያለ ይለቀማል፤ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይዘፈዘፋል። ጋቢና ነጠላ የሚያነጣው ሳፖኒን የተባለው አረፋ ሰሪ ንጥረ ነገር ቀንድ አውጣውንም ይገድላል። ንጥረ ነገሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከውሃው ይጠፋል። ዓሣን ግን አይምርም፤ ዓይንም ያቃጥላል። ስለዚህ መጠኑንና ቦታውን የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስም የተሻሉ ዝርያዎችን ሲመርጡ ዓመታት ደክመዋል፤ ዓይነት 44 የሚባለው የዚያ ልፋት ፍሬ ነው።

*

ዓድዋ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በእንዶድ የተደረገው ሙከራ ውጤት ግልጽ ነበር። በትናንሽ ሕፃናት ዘንድ በሽታው ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ወረደ። ለማንም ወላጅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም።

*

ዓለም ግን ሌላ ማስረጃ ፈለገ። የደኅንነት ጥናቱ በውጭ ላቦራቶሪ ይደገም እየተባለ ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1989 አክሊሉና ለገሰ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ወዲያው ደግሞ እንዶድ የአሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች የወረረውን ዚብራ መስል የተባለ ዛጎላም እንስሳ እንደሚገድል ታወቀና የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የፈጠራ መብት አወጣበት። የእኛ እናቶች እውቀት ባለቤት የተገኘለት ፈረንጅ ሲቸግረው ነው። ይህ ያሳዝነኛል።

*

ሱለይ የሸለቆም ስም ነው። ሳዑዲ ዓረቢያም በሸለቆዎቿና በምንጮቿ ቢልሃርዚያን ታውቀው ነበር፤ ጂዛንና ዐሲር ይመሰክራሉ። የመንግሥት ባለሙያዎች ውሃውን እየዞሩ ቀንድ አውጣ ፈለጉ፣ ኬሚካል ረጩ፣ በሽተኛውን አከሙ። ዛሬ በሽታው እጅግ ቀንሷል። ገንዘቡ ረድቷቸዋል፤ ለውጤት ያበቃቸው ግን ሳይሰለቹ ተመላልሰው ማየታቸው ነው።

*

ኬሚካል የሚገዛበት ዶላር ለሌለው ወረዳ እንዶድ በደጁ ይበቅላል። የቀረው ሥራ ነው፦ መርጦ መትከል፣ ቀንድ አውጣ የሚበዛበትን ዳርቻ መለየት፣ በባለሙያ መሪነት በወቅቱ መርጨት፣ መጸዳጃ መቆፈር፣ ኪኒኑንም አለማቋረጥ። እንዶዱ ብቻውን አይበቃም፤ ኪኒኑም ብቻውን አልበቃም። ሁለቱን አጣምሮ የሚጀምር አንድ ወረዳ እፈልጋለሁ፤ እኛ በውጭ ያለነውም ለችግኝ ጣቢያው ብናዋጣ ገንዘባችን ከዚህ የተሻለ ቦታ አይውልም።