ታላላቆቻችንን እንዴት እንጠይቅ?

ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ አንድ ቀን «ዓቮዳት ሾራሺም» የሚባለውን የቤተሰብ ታሪክ ሥራ ከትምህርት ቤት ይዞ ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ጥያቄ ተደርድሯል፤ መቼ ተወለዱ? መቼ ወደ እስራኤል መጡ? ምን ችግር ገጠመዎት? ልጁ ይጠይቃል፤ አያት «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ረሳሁት» ይላሉ፤ ገጹ በሦስት መስመር ያልቃል። በመምህርነቴ እንዲህ ያለ ገጽ ብዙ አይቻለሁ።

አያት ግን አልረሱም። የተጠየቁት እሳቸው በሚያውቁት መንገድ ስላልሆነ ነው። በጎንደር ገጠር የልደት ቀኑን መዝግቦ ያደገ ሰው ጥቂት ነው፤ መታወቂያው ላይ ያለው ቀን ብዙ ጊዜ ግምት ነው። ዘመን የሚቆጠረው በንጉሡ ጊዜ፣ በድርቁ ዓመት፣ ደርግ በገባ ማግስት እየተባለ ነው። ስለዚህ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ከማለት «ደርግ ሲገባ አግብተው ነበር?» ቢሏቸው መልሱ ይመጣል። ከ1974 ተነሥቶ ማስላቱ የእኛ ፋንታ ነው።

ታላላቆችን መጠየቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ልጅ ከመዳሩ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠር ነበር። አባቴ ቄስ ስለነበሩ፣ ሽማግሌዎች እቤታችን ተቀምጠው የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እያሉ ዘር ሲቆጥሩ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ወረቀት የያዘ የለም፤ አንዱ የዘለለውን ሌላው ይመልሰዋል። ለዚህ ነው ከተቻለ ሁለት ታላላቆችን አብሮ መጠየቅ የሚሻለው።

አምና የአክስቴ የልጅ ልጅ ይህንኑ ሥራ ይዛ መጣች፤ አስተርጓሚው እኔ ሆንሁ። በወረቀቱ ጥያቄ አልሄደልንም። «እማማ፣ ሙያዎ ምን ነበር? ብለሽ ጠይቂያቸው» አልኋት። ያን ጊዜ አክስቴ ቀና አሉ። ሸክላ ሠሪ ነበሩ። አፈሩ ከየት እንደሚቆፈር፣ እንዴት እንደሚቦካ፣ ምጣድ በጎመን ዘር እንዴት እንደሚሟሽ፣ ገበያው ቅዳሜ ከዋለ ሸክላው ሳይሸጥ እንደሚቀር፣ በእጃቸው እያሳዩ ነገሯት። ልጅቱ እስከዚያ ድረስ አያቷን የምታውቃቸው ኩፓት ሆሊም አብራ ሄዳ ስታስተረጉምላቸው ነው። ባለሙያ መሆናቸውን የሰማችው ያን ቀን ነው።

ቀጥላ «ስንት ልጆች ወለዱ?» አለች። «ሰባት» አሉ። ልጅቱ በጣቷ ቆጠረች፤ እናቷን ጨምሮ ስድስት ናቸው። ሰባተኛዋ ሱዳን፣ ኡም ራኩባ መጠለያ ቀርታለች። እናቷ በዓይኗ «ተወው» አለችኝ፤ እኔ ግን የተባለውን እንዳለ ተረጎምሁት። ልጅቱ እርሳሷን አስቀመጠች። አክስቴም «ምነው? ጻፊው እንጂ። ስም አላት» አሉና ስሟን ሁለት ጊዜ ነገሯት።

በሱዳን መንገድና በመጠለያዎቹ ያለቁት ወገኖቻችን ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል። በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ይታሰባሉ። በየቤታችን ግን ይህ ቁጥር አንድ ስም ነው፤ ካልተጠየቀ የማይነገር ስም።

ልጆቻችን ታሪካችን ከአውሮፕላኑ፣ ከ1984ቱ የሙሴ ዘመቻ ወይም ከ1991ዱ የሰሎሞን ዘመቻ የሚጀምር ይመስላቸዋል። ስለዚህ ከስደቱ አይጀምሩ፤ ከቤቱ፣ ከማሳው፣ ከሙያው ይጀምሩ። እርስዎ መሀል ሆነው ሲያስተረጉሙ አያሳጥሩ፣ አያለስልሱ። ዝም ሲሉ ዝም ይበሉ። «ይበቃኛል» ካሉ ይብቃ፤ ሌላ ቀን ይቀጥሉ። ፈቃዳቸውን ጠይቀው ድምፃቸውን ይቅረጹ፤ ልጁ ዛሬ ያልገባውን አማርኛ ነገ ሊፈልገው ይችላል።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ካለመጠየቅም ስም ይቀራል። ሰንበት ሲወጣ ቡና ይፈላ፣ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፣ አያት መሀል ይቀመጡ፤ ልጁም ይጠይቅ።