ሳይታመሙ መታየት

ብዙዎቹ አባቶቻችን ጤና ጣቢያ የሚሄዱት ሰው ደግፏቸው ነው። «ግፊትዎን ይለኩ» ስንላቸው፣ «ምን ሆኜ? እበላለሁ፣ እሠራለሁ!» ይሉናል። ጤና ጣቢያ ለእነሱ የእናቶችና የሕፃናት ቤት ነው።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ከፍተኛ የደም ግፊት ግን ራሱ የሚሸሸግ በሽታ ነው። ሳያም፣ ሳያተኩስ ዓመታት ይቆይና ልብን፣ ኩላሊትን፣ አንጎልን ይጎዳል። ከመካከላችን የአንዱ አባት እርሻ ላይ ሳሉ ወድቀው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አላቸው። ግፊታቸው የተለካው ያን ዕለት ነው፤ በ63 ዓመታቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ!

መለካት እኮ ክንድን አስጠምጥሞ ጥቂት ደቂቃ መቀመጥ ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሐኪም ክትትል ያሻዋል። ስኳርም ከጣት በሚወሰድ የደም ጠብታ ይታያል። ሌሊት ሽንት የሚያመላልሳቸውም «እርጅና ነው» ብለው ዝም አይበሉ፤ የፕሮስቴት ሕመም ሊሆን ይችላልና ይታዩ።

እኛ ዕጩ መምህራን ነገ ጤና አጠባበቅ ልናስተምር ነው። ትምህርቱን ከቤታችን እንጀምር። ለዕረፍት ስንገባ፣ «አባባ፣ ሐኪም ዘንድ ልውሰድዎ» ብንል እምቢ ይላሉ። «ልለካ ነውና ይሸኙኝ» ብንል ግን ልጁን አልሸኝም የሚል አባት የለም። እዚያ ስንደርስ አብረን ክንዳችንን እንዘርጋ።